አባት እያለው በማሳደጊያ የሚያድግ ልጅ ቀለቡ በማን ላይ ነው?

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ክር፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ሥር የተደረደሩትን ምላሾች፣ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሕግ የሚያውቁ፣ ሃይማኖት የሚያውቁ፣ ሁለቱንም ሳያውቁ ድምፃቸው ከሁሉ የጎላ ሰዎች ተሰብስበውበታል። ጥያቄው ግን በየሰፈሩ ያለ ጥያቄ ስለሆነ፣ ጊዜ ላጠረው አንባቢ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልወሰድሁም፤ የብዕር ስሞችንም ትቻለሁ። የምላሾቹ ቁጥር በክሩ ላይ እንደሰፈረው ነው። አስተያየት ባለኝ ቦታ ዝም አልልም።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ክሩን የከፈተችው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ የምትሠራ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ናት። የምትጽፈው ዘጠኝ ዓመት ስለሆነው አንድ ልጅ ነው። እናቱ የሞተችው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነበር። አባቱ ብዙም ሳይቆይ፣ ልጁ ደጋፊ የሌለው መሆኑን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ለማሳደጊያው አስረከበው፤ ከዚያም ሌላ ትዳር መሠረተ። አሁን የእህል ወፍጮ አለው። በዓመት በዓል ሙዝና ብስኩት ይዞ ብቅ ይላል፣ ትንሽ ተቀምጦ ይሄዳል። ዘንድሮ ልጁ ሰሌዳ ማየት ስላቃተው መነጽር ታዘዘለትና አባቱ ወጪውን እንዲጋራ ተጠየቀ። ልጁን ለእግዚአብሔር እንደሰጠ፣ የሰጠውንም ነገር መልሶ እንደማይነካ ነግሯቸው ተነሥቶ ሄደ።

ጥያቄዋ ሁለት ነው። ይህ ሰው በሕግ ፊት ከግዴታው ነፃ ወጥቷል ወይ? በሃይማኖትስ ፊት? አባትየው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው፤ ሟቿ እናት ደግሞ ከወሎ የመጣች የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነበረች። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን መልስ ለመነች። አጻጻፏ ትሑት ነው፤ አባትየውን በአንድ ቃል እንኳ አልሰደበችም። ስድቡን ሌሎች ያሟሉላት ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

1ኛ ምላሽ

ሦስት መስመር ብቻ ነው። ጸሐፊው የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 658 ጠቅሶ ቀለብ የነፈገ አባት መታሰር እንዳለበት አውጆ ሄደ። አንቀጹ በእርግጥ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለልጁ ማድረግ የሚገባውን ያለ በቂ ምክንያት የከለከለ ሰው እንዲቀጣ ይደነግጋል፤ ተከታዩ 659ም ልጅን የማሳደግ ግዴታን የሚጥሱትን ይመለከታል። የታሰረ የወፍጮ ባለቤት መነጽር የሚገዛው በምን እንደሆነ ግን ምላሽ ሰጪው አላሰበበትም።

2ኛ ምላሽ

ጠበቃ መሆናቸውን የገለጹ ሰው ናቸው፤ የክሩ ሁሉ መሠረት የሆነው የእርሳቸው ጽሑፍ ነው። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ጀመሩ። ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን ክብካቤ የማግኘት መብት አለው፤ መንግሥትም ወላጅ ላጡ ልጆች ልዩ ጥበቃ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ወደ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ወረዱ። አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ በጋራ የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት (በሕግ ፊት ወኪል) ናቸው። አንዳቸው ሲሞቱ ሥልጣኑ በሕይወት ባለው ላይ ብቻውን ይወድቃል። ስለዚህ እናቲቱ በሞተች ዕለት የወፍጮው ባለቤት የልጁ ብቸኛ አሳዳሪና ሞግዚት ሆኗል፤ እስከ ዛሬም ያው ነው፤ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይህን ሥልጣን የሚያነሣው ፍርድ ቤት እንጂ የማሳደጊያ መዝገብ አይደለም።

ቀጥለው ቀለብ ምን ምን እንደሚያጠቃልል ዘረዘሩ። ሕጉ እህልና ውኃ ብቻ አይልም፤ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ጤናና ትምህርትም ይገቡበታል። ሰሌዳ ማየት ላቃተው ተማሪ የታዘዘ መነጽር እንግዲህ በጤናም በትምህርትም በኩል ይገባል። አባትየው ለማሳደጊያው ልጁን ሲያስረክብ የፈረመው ወረቀት፣ ምንም ዓይነት ቃል ቢኖርበት፣ ይህን ግዴታ ሊሽር እንደማይችል አስረግጠው ደመደሙ። ማሳደጊያው ልጁን ተቀበለ እንጂ አባትነቱን አልተቀበለም ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ቢዘጋ ኖሮ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ነበር።

3ኛ ምላሽ

ይህም የሕግ ሰው ነው፤ 2ኛውን አመስግኖ ሁለት ነገር አረመ። አንደኛ፣ አዋጅ 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል ያለ አንባቢ ቁጥሩን ይዞ ወደ ችሎት እንዳይሮጥ አሳሰበ። ሁለተኛው እርማት ይከብዳል። ልጁ ራሱ ሊከስስ አይችልም፤ በሕግ የሚወክለው ሞግዚቱ ነው፤ ሞግዚቱ ደግሞ ተከሳሹ አባት ነው። ስለዚህ ማሳደጊያው አስቀድሞ ስለ ልጁ ሆኖ የሚከራከር ሰው በፍርድ ቤት ማስሾም ይኖርበታል። ብዙ ማሳደጊያዎች ነገሩን የሚተዉት ከአባቶች ጋር ተስማምተው ሳይሆን ይህን መንገድ ስለሚፈሩ ነው ብሎ ያምናል። እኔም አምነዋለሁ።

4ኛ ምላሽ

የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ነው። የጻፈችው በግንባታ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ የነበረች እናት ናት። ሲሚንቶ በምትሸከምበት ጊዜ ሕፃን ልጇን የሚይዝላት አጥታ ለሁለት ዓመት ያህል ማሳደጊያ አስገብታዋለች። አንድ ብር አልከፈለችም፤ የምትከፍለው አልነበራትም። እሑድ እሑድ ግን እየሄደች ልብሱን አጥባ ትመለስ ነበር። ሁለቱን የሕግ ሰዎች፣ ሆዳቸው ሞልቶ ስለ ቀለብ የሚያወሩ በማለት ወረፈቻቸው። እርሷን የመሰለች ሴት ይህን ክር ብታነብ ወንጀለኛ ነኝ ብላ ልጇን ለማየት መሄድም ትፈራለች የሚለው ሐሳቧ የክሩ ትልቁ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚህ መድረክ ላይ ካነበብኋቸው ሁሉ በቁጣ የተጻፈና ቁጣው የተገባ ምላሽ ይህ ነው።

5ኛ ምላሽ

2ኛው ጠበቃ ተመልሰው ይቅርታ ሳይሆን ማብራሪያ ሰጧት፤ ነገር ግን በአክብሮት። ሕጉ ቀለብን የሚመትረው በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም ነው፤ ከሌለው ላይ አይቆርጥም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 መጨረሻ ያጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጅ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ፣ ይልቁንም ቤተሰቡን ለመደገፍ ምልክት ሆኖ መታየት እንዳለበት ይናገራል። እርሷ እሑድ እሑድ ስትሄድ ግዴታዋን ስትወጣ እንደነበር ጻፉላት። መልስ አልሰጠችም።

6ኛ ምላሽ

አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፤ በየምላሻቸው መጀመሪያ ሰላምታ የሚያስቀድሙ። ከቅዱስ ጳውሎስ የመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 8ን ጠቀሱ፤ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደካደ፣ ከማያምንም እንደሚከፋ የሚናገረውን። ቀጥለው ማንም ያላሰበውን ጠየቁ። ልጁ ክርስትና ተነሥቶ ከሆነ የክርስትና አባት አለው፤ ያ ሰው የት ነው? ክርስትና ማንሣት ለዕለቱ ድግስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ወላጅ ሲሞት ወይም ሲደክም ልጁን በመንፈስም በሥጋም የመከታተል አደራ እንዳለበት አስታወሱ። ጥያቄያቸው ሳይመለስ ቀረ፤ ቀጥሎ የመጣው ምላሽ ሁሉንም ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለወሰደው።

7ኛ ምላሽ

ወጣት ነው መሰለኝ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ሽታ አለው። ልጅን ለእግዚአብሔር መስጠት ኃጢአት እንዳልሆነ ሊያሳይ ተነሣ። የሳሙኤል እናት ሐና ልጇን ጡት ካስጣለችው በኋላ ለካህኑ ለዔሊ ሰጥታዋለች። ኢያቄምና ሐናም እመቤታችንን በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ አስገብተዋታል፤ ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ብለን የምናከብረው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አባትየው የፈጸመው ነገር በታሪክ ያልነበረ አይደለም ሲል ተከራከረ።

8ኛ ምላሽ

አንዲት ሴት በአራት ዓረፍተ ነገር አፈረሰችው። ሐና ሳሙኤልን ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሰፍታ ትወስድለት እንደነበር በዚያው መጽሐፍ ተጽፏል፤ ልጁ ሲያድግ መደረቢያውም አብሮ ያድግ ነበር ማለት ነው። ኢያቄምና ሐናም የተሳሉትን ስእለት ፈጸሙ እንጂ የመነጽር ክፍያ ሸሽተው አልነበረም። ለእመቤታችን ሰማያዊ ኅብስት ያወረደላት ቅዱስ ፋኑኤል ነው፤ በዚህ ማሳደጊያ ግን እንጀራው የሚመጣው ከለጋሽ ነው፤ ለጋሽ ደግሞ ይሰለቻል። የወፍጮውን ባለቤት ከኢያቄም ጋር ያስተያየውን ወጣት ደግሞ እንዲያነብ መከረችው። ወጣቱ ከዚያ ወዲያ አልታየም።

9ኛ ምላሽ

በሰከነ አንደበት የጻፉት በአንድ መስጊድ የሚያስተምሩ ኡስታዝ ናቸው። በእስልምና የልጅ ነፈቃ (ቀለብ) በአባት ላይ ግዴታ መሆኑን ከአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 233 አስረዱ፤ አንቀጹ የምታጠባን እናት መብልና ልብስ እንኳ በአባት ላይ ያደርጋል፤ ማንም ከአቅሙ በላይ እንደማይገደድም ይጨምራል። አንድ ሰው ሊቀልባቸው የሚገባውን ችላ ማለቱ ብቻ በቂ ኃጢአት እንደሚሆንበት የሚያስተምረውን ሐዲስ ጠቀሱ። ከአል-አሕዛብም ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ የታዘዘውን አነሡ። ከዚህ የተነሣ ሌላ ሰው ልጅን በከፋላ (የሌላን ልጅ በአደራ በማሳደግ) ተቀብሎ ሊያሳድግ፣ ሊያስተምር፣ ሊድር ይችላል፤ የትውልድ ሐረጉን ግን አያጠፋም፤ የአባትየውም ዕዳ በሌላው ሰው ቸርነት አይከፈልም።

ያስደሰተኝ ለ7ኛውና ለ8ኛው የሰጡት ጭማሪ ነው። የሙሳ እናት ልጇን በሣጥን አድርጋ በወንዝ ላይ ስትጥለው እኅቱ በሩቅ ሆና እንድትከታተለው ልካታለች፤ የእኅትየው መከታተል በቁርአንም በኦሪትም አለ። ልጁን ከእጇ አወጣችው፣ ከዓይኗ ግን አላወጣችውም። ኡስታዙ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያገኙት ይህ የጋራ ነጥብ ከጠበቆቹ አንቀጾች ይልቅ ብዙ ሰው ያሳመነ ይመስለኛል።

10ኛ እና 11ኛ

10ኛው እናት ሙስሊም፣ አባት ክርስቲያን ከሆኑ ጉዳዩ በማን ዳኝነት እንደሚታይ ጠየቀ። 11ኛው በአጭሩ መለሰ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ 188/1992 መሠረት ቀለብንና የልጅ ሞግዚትነትን ማየት ይችላሉ፤ ነገር ግን ተከራካሪዎቹ በዚያ ለመዳኘት ፈቃዳቸውን ሲገልጹ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ያስቀመጠው ይህንኑ ፈቃድ ነው። ስለዚህ የዚህ ልጅ ነገር የመደበኛው ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ጉዳይ ነው። ጥሩ ጥያቄ፣ ጥሩ መልስ፤ እዚያው ማብቃት ነበረበት።

ከ12ኛ እስከ 15ኛ

አላበቃም። ልጁ በየትኛው ሃይማኖት ማደግ እንዳለበት ክርክር ተነሣ። ሁለቱ ምላሾች በመድረኩ ኃላፊዎች ተሰርዘዋል፤ የቀሩት ሁለቱም ቢሰረዙ የሚጎድል ነገር አልነበረም። ወሎ ውስጥ አንድ ማዕድ ቆርሰው በሁለት ሃይማኖት የሚኖሩ ቤተሰቦች ስንትና ስንት ናቸው፤ እዚህ ግን መነጽር ያጣ ልጅ ላይ አራት ሰው ተሻኮተ።

16ኛ ምላሽ

በማሳደጊያ ያደገ ወጣት የጻፈው ነው። ስለ ፍቅር ምንም አላነሣም። ያነሣው ስለ መታወቂያ ነው። 18 ዓመት ሞልቶት ከማሳደጊያው ሲወጣ የሥራ ውል ለመፈራረምም፣ የባንክ ሒሳብ ለመክፈትም፣ ቤት ለመከራየትም መታወቂያ ተጠየቀ። መታወቂያ ለማውጣት የሄደበት መሥሪያ ቤት ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤተሰብ አድራሻ፣ የሚያውቀው ዘመድ ፊርማ ጠየቀው። አባቱ በሕይወት ነበር፤ የሚኖርበትንም ከተማ ያውቃል። ሄዶ ፊርማ ቢለምነው አባትየው ፈራ። ልጁ ነገ ወራሽ ነኝ ብሎ ይመጣብኛል፣ ከሁለተኛዋ ሚስት የወለድኋቸውን ይሻማል የሚል ፍርሃት ነው።

የ16ኛው ቁጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 መሠረት ልጅ የሟች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሽ ነው፤ በማሳደጊያ ማደጉ ይህን አይለውጠውም፣ አባት መታወቂያ ላይ መፈረሙም አይጨምርበትም። አባቱ ከምንም ነገር ሳይድን አንድ ወጣትን ያለ መታወቂያ አስቀረ። ለክሩ ከፋች የሰጣት ምክር፣ ከአባትየው መነጽሩን ከምትጠይቅ ይልቅ ወረቀቱን እንድታስፈጽመው ነው። ገንዘቡን ማንም ሊሰጥ ይችላል፤ ፊርማውን የሚሰጥ ግን ሌላ ሰው የለም።

ከ17ኛ እስከ 19ኛ

ክሩ ከአገር ወጣ። 17ኛዋ ከጅዳ ነው የጻፈችው። በሰው ቤት ትሠራለች፤ ልጇ ደሴ እኅቷ ዘንድ ናት፤ ገንዘብ በየወሩ ትልካለች። ማሳደጊያ ያላስገባቻት እኅት ስላላት ብቻ መሆኑን፣ ከዓረብ አገር ሕፃን አቅፈው የሚመለሱ፣ ቤተሰብ ፊት ለመቆም ያፈሩ፣ አባቱን ለመክሰስም አድራሻ የሌላቸው ሴቶች ግን የሚሄዱበት እንደሌላቸው ጻፈች። የቀለብ ሕጉ ድንበር የማይሻገር ከሆነ ለእነርሱ ምን ይጠቅማል ብላ ጠየቀች። ማንም በቀጥታ አልመለሰላትም። 18ኛው ይባስ ብሎ ልጅ ጥለው የሚሄዱ ሴቶችን ወቀሰ። 19ኛዋ ደሴ ላይ የምትኖር አያት ናት፤ የልጆቿ የቤት ኪራይ፣ የራሷ መድኃኒት፣ የልጅ ልጆቿ ደብተር ከየት አገር በተላከ ገንዘብ እንደሚከፈል ነግራው ሐፍረት ካለው ዝም እንዲል አዘዘችው። ዝም አለ። በመድረኩ ላይ አያቶች ቢበዙ መልካም ነበር።

20ኛ፣ 21ኛ፣ 22ኛ

20ኛው የውጭ አገር ጉዲፈቻን አነሣ። የሚያውቃቸው አንድ የገጠር አባት ልጃቸው ተምሮ እንደሚመለስ፣ እስከዚያም ደብዳቤና ገንዘብ እንደሚልክላቸው አምነው ፈርመዋል። ዓመታት አለፉ፤ የመጣ ነገር የለም። 21ኛው ታሪኩን በቁጥር ደገፈው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ 2500 ያህል ልጆች ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ በዚያ ዓመት ከቻይና ቀጥላ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ነበረች። ከእነዚህም መካከል በሕይወት ያሉ ወላጆች የነበሯቸው ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ ጉዲፈቻ ቀርቷል።

የአገር ውስጡ ግን አለ። ስለዚህ 21ኛው ለዚህ ልጅ አንድ አደጋ ታይቶታል። ሕጉ ማሳደጊያ በእጁ ያለን ልጅ በጉዲፈቻ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ወላጅ ካለ ግን የወላጁ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ውሉም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። የማይቀልብ፣ የማይወስድ፣ ግን ፈቃዱንም የማይሰጥ አባት ልጁን እንዳለ ሊያቆመው ይችላል። እንዲህ ያለ አባት ከሞተ አባት ይልቅ ለልጁ እንቅፋት ነው ሲል ጻፈ። ከባድ አባባል ነው፤ ሐሰት ግን አልሆነብኝም።

22ኛው ከርዕሱ ወጥቶ ስለ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና አወራ። በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በወሎ ረሀብ መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው መመለሳቸውን፣ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 መድረሳቸውን ተረከ። ለምን እንዳነሣው አልተናገረም። እንዲህ ያለ ሰው ባለበት አገር አባት ቢቀልብም ባይቀልብም ልጅ አይወድቅም ሊል ከሆነ፣ ያ ራሱ የወፍጮው ባለቤት ክርክር ነው።

23ኛ ምላሽ

ይህ ምላሽ አንድ መስመር ነው። የእናቱ ወገኖች የት እንዳሉ ይጠይቃል።

ሃያ ሁለት ምላሽ ሐና ያመጣችውን መደረቢያ፣ የአባትየውን ነፍስ፣ የውርስ ሕግ፣ ጅዳን፣ አሜሪካን አዳርሶ ወጣ፤ የሟቿን እናት ቤተሰብ የፈለገ አልነበረም። እኔም እስከዚያ ድረስ የተጻፈውን ሁሉ ሳነብ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። እናቲቱ በመክፈቻው ጽሑፍ ላይ አለች፤ ከወሎ መምጣቷም፣ የሃይማኖቷም ነገር ተነግሯል። ሃይማኖቷ ለአራት ሰው ጠብ በቃ፤ ዘመዶቿ ግን ለአንድ ጥያቄ እንኳ አልበቁም። በዚህ አገር ልጅን ለማሳደጊያ የምናስረክበው አባት ስላልቻለ ብቻ አይደለም፤ ከአባት ቀጥሎ ማን እንዳለ የሚጠይቅ ስለማይገኝ ነው።

24ኛ ምላሽ

ክሩን የከፈተችው ባለሙያ ተመለሰች። መዝገቡን አውጥታ አይታለች። የአባትየው ስልክ አለ፣ የቀበሌው ደብዳቤ አለ፣ የልጁ የክትባት ካርድ አለ። የእናት ወገን በሚለው ሥፍራ ላይ ሰረዝ ተደርጎበታል። ሰረዙን ያደረገው ከእርሷ በፊት የነበረ ሠራተኛ ነው፤ በአባትየው ቃል ብቻ።

25ኛ ምላሽ

2ኛው ጠበቃ እንደገና። የቀለብ ግዴታ በወላጅና በልጅ መካከል ብቻ አይቆምም፤ ወደ ላይና ወደ ታች በሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል ሁሉ ነው፤ ስለዚህ አያት ተጠያቂም ባለ መብትም ናት። የአገራችን የአማራጭ ሕፃናት ክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ፣ ልጅን ከቤተሰቡና ከዘመዶቹ ጋር መልሶ ማቀላቀልን ያስቀድማል። ማሳደጊያው ከመቀበሉ በፊት ዘመድ ማፈላለግ የነበረበት ለዚህ ነው። ድምፃቸው እዚህ ላይ ከቀድሞው ጠንክሯል፤ በአባትየው ላይ ያልተቆጡትን ያህል በሰረዙ ላይ ተቆጥተዋል።

26ኛ እና 27ኛ

26ኛው ድሃ አሮጊት ላይ ሸክም መጫን ምን ፋይዳ እንዳለው ጠየቀ። ያልተጠየቀችን ሴት ድሃ ናት ብሎ ፈረደ፤ 19ኛዋ፣ የደሴዋ አያት፣ ሳትመልስለት የቀረችው አላየችው ቢሆን ነው። 27ኛው ከኮምቦልቻ ነው፤ የልጁና የእናቱ ስም ቢለጠፍለት በሰፈሩ እንደሚያፈላልግ ቃል ገባ። የመድረኩ ኃላፊ ወዲያው ገብቶ የሕፃኑ ስምም ሆነ ፎቶግራፍ በአደባባይ እንዳይወጣ አስጠነቀቀ፤ 27ኛውና ባለሙያዋ በግል መልእክት ተገናኙ።

28ኛ ምላሽ

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለሙያዋ የጻፈችው ነው። አባትየው በደብዳቤ ተጠርቶ መጥቷል። የመነጽሩን ዋጋ ከፍሏል፤ ለወርኃዊ ቀለብ ግን አልተስማማም። የእናቲቱን ወገኖች አድራሻ ሲጠየቅ አመነታ፤ በመጨረሻ የሰፈሩን ስም ተናገረ። 27ኛውም በዚያ ምልክት ሄዶ አያቲቱን አገኛት። ልጇ ከሞተች ጀምሮ የልጅ ልጇ አባቱ ቤት እያደገ እንደሆነ ነበር የምታውቀው። በስልክ ስትጠይቅ አባትየው ደህና ነው፣ ትምህርት ቤት ገብቷል እያለ ይመልስላት ነበር። ሐሰት አልተናገረም፤ የት ሆኖ እንደሚማር ግን አልነገራትም። አሁን ልጁን መውሰድ ትፈልጋለች። አነስተኛ ሱቅ አላት፤ አንድ ያላገባ ወንድ ልጅም አብሯት ይኖራል።

ባለሙያዋ ጥያቄዋን ለወጠች። አባት በሕይወት እያለ አያት ልጁን መውሰድ ትችላለች ወይ?

29ኛ እና 30ኛ

29ኛው የልጁ እናት ሙስሊም ስለነበረች አባትየው ሃይማኖትን ሰበብ አድርጎ ሊቃወም እንደሚችል አስጠነቀቀ። ኡስታዙ ከ9ኛው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመልሰው፣ አያቲቱ ስለ ልጁ የጥምቀት ስም ሳይሆን ስለሚወደው ምግብ እንደጠየቀች ባለሙያዋ በግል እንደነገረቻቸው ብቻ ጽፈው ሄዱ።

30ኛው የጠበቃው ነው። አባትየው አሳዳሪነቱን እስካልተነሣ ድረስ የልጁን መኖሪያ የሚወስነው እርሱ ነው፤ ስለዚህ ቀላሉ መንገድ ስምምነት ነው። ልጁ አያቱ ዘንድ እንዲኖር፣ አባትየውም ቀለቡን ለአያቲቱ በየወሩ እንዲልክ በጽሑፍ ይስማሙ፤ የቤተሰብ ችሎቱም ያጽድቀው። እምቢ ካለ በ3ኛው ምላሽ የተባለው መንገድ አለ፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው መነጽር ብቻ አይሆንም። ለማመልከቻው የእናቲቱ የሞት ማስረጃ፣ የአያቲቱ ዝምድና ማረጋገጫና የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት እንዲቀርብ ነገሯት።

31ኛ ምላሽ

ባለሙያዋ ናት፤ ልጁ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። በ2008 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሲጀመር አባትየው አላስመዘገበውም፤ ማሳደጊያውም አባት ያስመዘግባል ብሎ ትቶታል። 16ኛው ወጣት ይህን ሲያነብ ወዲያው ተመለሰ። ከስምምነቱ በፊት፣ አባትየው ሐሳቡን ሳይለውጥ፣ ነገውኑ ይዘውት ሄደው እንዲያስመዘግቡት አሳሰበ፤ የትኞቹን ወረቀቶች እንደሚጠየቁና የዘገየ ምዝገባ እንዴት እንደሚፈጸም በዝርዝር ጻፈላት። ከዚያ በኋላ ያሉት ምላሾች ሁሉ ስለ ምዝገባ ቢሮ የሥራ ሰዓትና ስለ ምስክሮች ብዛት ናቸው።